አዲሱ ኮምፒውተር ዲሹን «አላውቅህም» ሲል፦ የቴሌቪዥን ካርድ ብልሽት በሊኑክስ ላይ አፈላለግ

በጅማ ቴሌቪዥን ማለት ዲሽ ነው። ሄርማታ አካባቢ ፎቅ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ቆርቆሮው ሁሉ ሳህን ያበቀለ ይመስለዋል። እኔ ቤት ግን ከሳህኑ የሚወርደው ኬብል ሪሲቨር ውስጥ አይገባም፤ ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ውስጥ በተገጠመ ካርድ ላይ ይታሰራል። ማታ የማልደርስበትን ዜና ይቀዳልኛል፣ ልጆቹ ጓዳ ሆነው በስልካቸው ያያሉ፣ «ሪሞቱን ማን ወሰደው» የሚል ጭቅጭቅም ቀርቷል።

አሮጌው ኮምፒውተር ሲሞት ካርዱን ነቅዬ አዲሱ ላይ ገጠምኩት። የጠበቀኝ ጥቁር መስኮት ነበር። ሦስት ምሽት ድራይቨር (ካርዱን ከሊኑክስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ስጭንና ስነቅል አመሸሁ፤ ጥፋቱ ግን አንዲት መሰኪያ ሆና ተገኘች። ከዚያ ወዲህ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ሳልጠብቅ ምንም አልነካም። እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ጥያቄ ብቻ አለው። መልሱ «አዎ» ካልሆነ ወደሚቀጥለው አትለፉ፤ የታችኛው ሳይስተካከል የላይኛውን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው።

ስለ አጻጻፉ፦ ትእዛዞቹን ፊደል በፊደል እንደሚነበቡ አስቀምጫቸዋለሁ። ተርሚናል ላይ ስትጽፏቸው በትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ ሳይነጣጠሉ ነው። ክፍተት ወይም ሰረዝ የሚያስፈልግበትን ቦታ እናገራለሁ።

ደረጃ 1፦ ካርዱ ለምትፈልጉት ጣቢያ ይሆናልን?

ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት የካርዱን ዓይነት እወቁ። በሁለተኛ እጅ ከሚሸጡት ብዙዎቹ የአናሎግ ዘመን ካርዶች ናቸው፤ እነዚህ የዲሽ ሥርጭት አይቀበሉም። ቀጥሎ ያለው ትውልድ የሚቀበለው የመጀመሪያውን የሳተላይት ሥርጭት ስልት፣ ዲቪቢ-ኤስን ብቻ ነው። ለኢትዮሳት የሚያስፈልገው ዲቪቢ-ኤስ2 ነው። ኢትዮሳት የሚተላለፈው በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ካለችው ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት ሲሆን፣ በታወቁት ድግግሞሾቹ በ11105 እና በ11545 ላይ የሲምቦል መጠኑ (ሥርጭቱ መረጃ የሚልክበት ፍጥነት) 45000 ነው። ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። ብዙ ካርዶች ከፍተኛ ጣሪያቸው ራሱ 45000 ነው፤ ጣሪያው ከዚህ ዝቅ ያለ ካርድ ሌላ ሳተላይት ላይ እንደልቡ እየሠራ እዚህ ላይ ግን ዝም ይላል። ስለዚህ የካርዱን ማሸጊያ ወይም የአምራቹን ዝርዝር ተመልከቱ።

የማስገቢያውን ነገርም አትርሱ። የቆዩት ካርዶች ለፒሲአይ የተሠሩ ናቸው፤ የአሁን ማዘርቦርዶች አብዛኞቹ ያላቸው ፒሲአይ ኤክስፕረስ ብቻ ነው። ሁለቱ አይገጣጠሙም። ማስማሚያ ይሸጣል፤ እኔ ግን ለማስማሚያ ከምከፍል በዩኤስቢ የሚሠራ ዲቪቢ-ኤስ2 ሣጥን እገዛለሁ። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣ ዕቃ አልሠራ ቢል መልሶ መላኩ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ደረጃ 2፦ በትክክል ተገጥሟልን?

ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ የመብራት ገመዱን ከግድግዳ ንቀሉ፣ እጃችሁን በብረት ሣጥኑ ላይ አሳርፉ። አጭሩ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ በረዥሙ ማስገቢያ ውስጥም ይሠራል፤ ያገኛችሁት ክፍት ቦታ ይሆናል። እስኪቀመጥ ድረስ እኩል ግፉትና ብሎኑን እሰሩ። ብሎን የሌለው ካርድ የዲሽ ኬብሉ ሲጎትተው ቀስ እያለ ከማስገቢያው ይነሳል።

አሁን የእኔ ሦስት ምሽት። አንዳንድ ካርዶች ጠርዛቸው ላይ አራት እግር ያለው ተጨማሪ የኃይል መሰኪያ አላቸው። ካርዱ ራሱ ከማዘርቦርዱ በሚያገኘው ኃይል ይነሳል፤ ጣሪያ ላይ ከሳህኑ ፊት ሆኖ ሲግናሉን ለሚቀበለው ኤልኤንቢ የሚላከው ቮልት ግን የሚመጣው ከዚህ መሰኪያ ነው። ሳይሰካ ቢቀር ኮምፒውተሩ ካርዱን ያያል፣ ድራይቨሩ ይነሳል፣ ስሕተት የሚል ቃል አንድም አይወጣም፤ ሲግናል ብቻ የለም። በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ መሰኪያውን የሰካው ከዓመታት በፊት የገጠመልኝ ልጅ ስለነበር እኔ መኖሩንም አላውቅም ነበር። አዲሶቹ ፓወር ሰፕላዮች ደግሞ ባለ አራት እግሩን ገመድ እያስቀሩ የሳታ ገመድ ብቻ ይዘው ይመጣሉ። ከሳታ ወደ ባለ አራት እግር የሚቀይር አጭር ገመድ ርካሽ ነው፤ ከካርዱ ጋር አብራችሁ ግዙት።

የዲሹን ኬብል ስታስሩና ስትፈቱ ሁልጊዜ ኮምፒውተሩ ይጥፋ። የመሃሉ ሽቦ የውጭውን ብረት ለአፍታ ከነካ ቮልት የሚልከውን ክፍል ሊያቃጥለው ይችላል።

ደረጃ 3፦ ኮምፒውተሩ ካርዱን ያየዋልን?

ተርሚናል ክፈቱና «ኤል ኤስ ፒ ሲ አይ» ብላችሁ፣ ክፍተት ትታችሁ፣ ሰረዝና ሁለት «ኤን» ጨምሩ። ረዥም ዝርዝር ይወጣል። «መልቲሚዲያ» የሚል መስመር ፈልጉ፤ ጫፉ ላይ በቅንፍ የካርዱ መለያ ቁጥር አለ። ለምሳሌ በብዙ ካርዶች ላይ ያለው ሲኤክስ23885 የተባለው የኮኔክሳንት ቺፕ 14ኤፍ1:8852 ብሎ ይታያል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የንግድ ስም ብዙ አይረዳም፤ እርዳታ ስትጠይቁም ሆነ ስታፈላልጉ የሚጠቅማችሁ ይህ ቁጥር ነው። ለዩኤስቢ ሣጥን ትእዛዙ «ኤል ኤስ ዩ ኤስ ቢ» ነው።

መስመሩ ከሌለ ድራይቨር መጫን ከንቱ ነው። ካርዱን አውጡና ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ጠረግ ጠረግ አድርጉ፤ በጅማ እርጥበት ዓመታት የተቀመጠ ካርድ ጥርሱ ይደበዝዛል። ካልሆነ ማስገቢያውን ቀይሩ። በአዲስ ማዘርቦርዶች ላይ አንዳንድ ማስገቢያ ከኤም.2 ዲስክ ጋር መስመር ይጋራል፤ ዲስኩ ሲሰካ ማስገቢያው ራሱን ያጠፋል። ይህ የሚገኘው የማዘርቦርዱ መመሪያ ውስጥ፣ ማንም በማያነበው ገጽ ላይ ነው።

ደረጃ 4፦ ድራይቨሩ ተነሥቷልን?

በዚያው ትእዛዝ ላይ በሁለቱ «ኤን» ፋንታ «ኬ» አድርጉ። ከካርዱ መስመር በታች በሥራ ላይ ያለው የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ድራይቨር ስም መምጣት አለበት። ቀጥሎ «ዴቭ» ከተባለው ፎልደር ውስጥ «ዲቪቢ»ን ተመልከቱ፤ «አዳፕተር0» የሚል ፎልደር፣ በውስጡም «ፍሮንትኤንድ0» ካለ ይህ ደረጃ አልቋል።

ከሌለ ነገሩ ካርዱ በሚጠይቀው ድራይቨር ዓይነት ይወሰናል። ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር አብሮ የሚመጣ ከሆነ ከርነሉን ማደስ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ የቴሌቪዥን ድራይቨሮቹ «ተጨማሪ ሞጁሎች» በሚለው የከርነል ጥቅል ውስጥ ስላሉ፣ አነስተኛውን ዓይነት የጫነ ሰው ያንን ጥቅል ማከል ይኖርበታል። እንደ ቲቢኤስ ካርዶች ያሉት ግን አምራቹ ለብቻው የሚያወጣውን ድራይቨር ይፈልጋሉ። እርሱ በየኮምፒውተሩ ላይ ተቀናብሮ ይሠራል፤ ከርነሉ በታደሰ ቁጥርም እንደገና መቀናበር አለበት። «ትናንት ሲሠራ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ጠፋ» የሚል ሰው ሳገኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌሊቱን ዝማኔ ገብቶ እንደሆነ ነው።

አዲስ ኮምፒውተር ሌላም ወጥመድ አለው፤ ሴኪዩር ቡት። ይህ ጥበቃ ሲበራ ፊርማ የሌለው ድራይቨር አይነሳም፤ ከርነሉም ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም ብሎ ይመልሳል። ጥበቃው በርቶ እንደሆነ ለማወቅ «ሞክዩቲል» ጽፋችሁ ክፍተት፣ ሁለት ሰረዝ፣ ቀጥሎ «ኤስ ቢ»፣ ሰረዝ፣ «ስቴት» በሉ። ወይ ድራይቨሩን በራሳችሁ ቁልፍ ትፈርማላችሁ፣ ወይ ከባዮስ ታጠፉታላችሁ። ቤት ውስጥ ለቴሌቪዥን ብቻ በቆመ ኮምፒውተር ላይ እኔ አጥፍቼዋለሁ፤ የሥራ ሰነድ ያለበት ቢሆን ግን ፊርማውን እመርጥ ነበር።

ደረጃ 5፦ ፈርምዌሩ አለን?

ፈርምዌር ካርዱ ሲነሳ የሚጫንለት ትንሽ ፋይል ነው፤ ከድራይቨሩ የተለየ ነው። ለምሳሌ በዲቪቢስካይ ካርዶች ላይ ያለው ኤም88ዲኤስ3103 የተባለው ቺፕ በስሙ የተሰየመ ፋይል ይፈልጋል፤ ይህ ፋይል ከሊኑክስ ጋር ሁልጊዜ አብሮ አይመጣም።

ስሕተቱን የምታነቡት «ሱዱ» ብላችሁ፣ ክፍተት ትታችሁ፣ «ዲ ኤም ኢ ኤስ ጂ» በመጻፍ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ኮምፒውተሩ እንደተነሣ ያነብና ምንም ስሕተት ስላጣ «ፈርምዌር ደህና ነው» ብሎ ያልፋል። ይህ ቺፕ ግን ፋይሉን የሚጠራው ጣቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትፈልጉ ነው። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ከፍታችሁ ጣቢያ ሞክሩ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ አንብቡ። የፋይሉ ስም ተጠቅሶ መጨረሻው ላይ −2 የሚል ቁጥር ካለ ፋይሉ አልተገኘም ማለት ነው። ስሙን ሳትለውጡ ሊብሬኤሌክ ከተባለው የሊኑክስ ዓይነት የፈርምዌር ስብስብ አውርዱና «ሊብ» ውስጥ ባለው «ፈርምዌር» ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት። ፋይሉ ትንሽ ነው፤ በስልክ ዳታም ይወርዳል።

ከዚህ በኋላ «ሪስታርት» አይበቃም። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ከግድግዳ ነቅላችሁ አንድ ደቂቃ ቆዩ፣ ከዚያ አብሩ። ካርዱ ኃይል እስካላጣ ድረስ የቀድሞውን ሁኔታ ይዞ ሊቆይ ይችላል። በጅማ መብራት ይህን ሥራ አንዳንዴ ያለ እኛ ትእዛዝ ይሠራልናል።

ደረጃ 6፦ ካርዱ ከሌላ ፕሮግራም ነፃ ነውን?

አጭር ደረጃ ነው። አንድን ማስተካከያ (ጣቢያ የሚይዘውን የካርዱን ክፍል) በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። ቲቪኤችኢኤንድ (ጣቢያውን ለቤቱ ሁሉ የሚያከፋፍል ፕሮግራም) ከጀርባ እየሠራ ካፌይን የተባለውን የቴሌቪዥን ማያ ፕሮግራም ብትከፍቱ «ሥራ ላይ ነው» ይላችኋል። አንዱን ዝጉ። ከሌላ ኮምፒውተር ሆናችሁ የምትገቡ ከሆነ ደግሞ ተጠቃሚያችሁ «ቪዲዮ» በተባለው ቡድን ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ፤ ጨምራችሁት ከሆነ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ።

ደረጃ 7፦ ሲግናል ካርዱ ድረስ ይመጣልን?

ኮምፒውተሩን ለጊዜው እርሱት። ከጎረቤት ሪሲቨር ተዋሱና ካርዱ ላይ የነበረውን ያንኑ ኬብል፣ ያንኑ ጫፍ እሰሩበት። ጣቢያ ከያዘ ሳህኑን አትንኩ፤ ችግሩ ከኬብሉ ጫፍ ወዲህ ነው። ካልያዘ ጣሪያ መውጣት አለ። ይህ የአምስት ደቂቃ ሙከራ መንገዱን ለሁለት ይከፍልላችኋል። እኔ በሦስቱ ምሽት አላደረግኩትም፤ ኮምፒውተር አዋቂ መሆኔ አታለለኝ።

ጣሪያ ለሚወጣ ሰው፦ ከጅማ ሲታይ ኤንኤስኤስ-12 ያለችው ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ባደላ አቅጣጫ፣ በኮምፓስ 110 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ከፍታዋ 65 ዲግሪ ያህል ነው። ሰማይ ላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ራቅ ያለ የአቮካዶ ዛፍ አይጋርዳትም፤ ከቤቱ ላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ግን ይጋርዳታል። ናይልሳት ያለችበት ወገን በተቃራኒው ወደ ምዕራብ፣ 40 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ከፍታ ላይ ነው። ሁለቱን የሚያይ ቤት ሁለት ሳህን የሚኖረው ለዚህ ነው።

ጣሪያ ላይ መጀመሪያ የምፈታው ከኤልኤንቢው ጋር የተገናኘውን ኮኔክተር ነው። የጅማ ዝናብ ክረምትን ጠብቆ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ውሃው በኬብሉ ሽፋን ውስጥ ቁልቁል ይሄድና የመዳቡን ጥልፍልፍ ያጠቁረዋል። የጠቆረውን ቆርጣችሁ ጣሉ፣ አዲስ ኮኔክተር እሰሩ፣ በናስትሮ ከታች ወደ ላይ እየጠቀለላችሁ ዝጉት። ኬብሉን ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ዝቅ አድርጋችሁ መልሱት፤ ውሃው እዚያ ጋ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ኮምፒውተራችሁ አይወርድም።

ሪሲቨሩ እየሠራ ካርዱ ብቻ ዝም ካለ ግን አራት ተጠርጣሪዎች አሉ።

የመጀመሪያው ቮልት ነው። ኤልኤንቢ ለ«ቪ» (ቁም ሞገድ) ጣቢያ 13፣ ለ«ኤች» (አግድም ሞገድ) ጣቢያ 18 ቮልት ይፈልጋል። የኢትዮሳት 11105 እና 11545 ሁለቱም «ኤች» ናቸው። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ኬብሉን ከካርዱ ፍቱ፤ አብሩና አንድ ፕሮግራም «ኤች» ጣቢያ እንዲፈልግ አድርጉ፤ እየፈለገ ሳለ ቴስተራችሁን በካርዱ ቀዳዳ መሃልና በውጭው ብረት መካከል ለኩ። ሁለቱን እንዳታነካኩ። 18 አካባቢ ካነበባችሁ ካርዱ ደህና ነው። ባዶ ከሆነ ወደ ደረጃ 2 ተመልሳችሁ ያቺን መሰኪያ እዩ። ምንም ጣቢያ ሳይፈለግ መለካት ዋጋ የለውም፤ ያን ጊዜ ቮልቱ ሊጠፋ ይችላል።

ሁለተኛው የዳይሴክ ስዊች ነው። ሁለት ሳህን በአንድ ኬብል የሚወርድበት ቤት ጣሪያው ላይ ይህ ስዊች አለው። ሪሲቨሩ የትኛው ወደብ ኢትዮሳት እንደሆነ ተነግሮታል፤ አዲሱ ኮምፒውተር ግን አልተነገረውም። ቲቪኤችኢኤንድ ላይ «ዩኒቨርሳል ኤልኤንቢ ብቻ» የሚለውን ትታችሁ የባለ ሁለት ወይም የባለ አራት ወደብ ስዊች ምርጫውን ውሰዱ፤ ሳተላይቱንም በትክክለኛው ወደብ ላይ አስቀምጡ። ቁጥሩን ካላወቃችሁ ሪሲቨሩ ማውጫ ውስጥ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ሦስተኛው የኤልኤንቢው ዓይነት ነው። ዩኒቨርሳል ከሆነ 9750 እና 10600 ተብሎ መሞላት አለበት።

አራተኛው ማንም የማይጠረጥረው ስፕሊተር ነው። ኤልኤንቢው 9750ን ቀንሶ ነው ወደ ታች የሚልከው፤ 11105 በኬብሉ ውስጥ 1355 ሜጋኸርዝ፣ 11545 ደግሞ 1795 ሆኖ ይጓዛል። ከሱቅ የሚገዛው ተራ ስፕሊተር ላይ «5–1000» ተብሎ ከተጻፈ ሁለቱንም በደንብ አያሳልፍም። እስከ 2150 የሚደርስና ቮልት የሚያሳልፍ መሆን አለበት። በአንድ ኤልኤንቢ ላይ ሪሲቨርና ካርድ አብረው ሲታሰሩ አንዱ 13፣ ሌላው 18 ቢጠይቅ ይጣላሉ፤ ሁለቱም እነዚህኑ የኢትዮሳት ድግግሞሾች ብቻ የሚያዩ ከሆነ ግን የሚጠይቁት አንድ ቮልት ስለሆነ ይስማማሉ። ሌላ ሳተላይት የሚከፍት ሰው ካለ ባለ ሁለት መውጫ ኤልኤንቢ ግዙና ሁለተኛ ኬብል ዘርጉ።

ደረጃ 8፦ ቁጥሮቹ በትክክለኛው መለኪያ ገብተዋልን?

ሪሲቨር ላይ 11105 እና 45000 እንላለን። ቲቪኤችኢኤንድም ሆነ ዲቪቢቪ5 የተባሉት የተርሚናል መሣሪያዎች ግን ሦስት ዜሮ ይጨምራሉ፦ 11105000 እና 45000000። ሪሲቨር የለመደ ሰው አምስት አኃዝ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙም ሳይከራከር የሌለ ጣቢያ ሲፈልግ ይቆያል። የሥርጭቱን ዓይነት ዲቪቢ-ኤስ2፣ አቅጣጫውን «ኤች» አድርጉ፤ የቀረውን «አውቶ» ላይ ተዉት።

ለጀማሪ ካፌይን ይቀላል፤ መስኮት ከፍቶ ጣቢያ መፈለግ ነው። ቤቱ በሙሉ እንዲያይ ከፈለጋችሁ ቲቪኤችኢኤንድን ጫኑ፤ በብራውዘር የኮምፒውተሩን አድራሻ ጽፋችሁ ሁለት ነጥብ (:) ካስከተላችሁ በኋላ 9981 ስትሉ ይከፈታል።

ደረጃ 9፦ ሥዕሉ ይቆያልን?

ድምፅ እየመጣ ሥዕል ከሌለ ኮዴክ (የታመቀውን ሥዕል የሚፈታ ፕሮግራም) ጎድሏል። ፌዶራ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ኤች.264 የተባለው ኮዴክ ገና ከመጀመሪያው ስለማይመጣ ለብቻው መጫን ያስፈልጋል። ዝናብ ሲጠነክር ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ ሳህኑን በጥቂቱ ማስተካከል ወይም ሰፋ ያለ ሳህን መትከል ነው እንጂ ኮምፒውተሩ አላጠፋም።

ጥሩ እየሠራ ቆይቶ ድንገት የሚደርቅ፣ ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሲከፈት የሚመለስ ሥዕል ግን ለአዲስ ኮምፒውተር የተለየ ጠባይ ነው። ሲኤክስ23885 ቺፕ ያለበት ካርድ ከኤኤምዲ ራይዘን ማዘርቦርዶች ጋር የታወቀ ጠብ አለው፤ በደረጃ 5 ባየነው የ«ሱዱ» ትእዛዝ ስታነቡ «ሪስክ» የሚል ቃል ያለበት የስሕተት መስመር ታገኛላችሁ። መጀመሪያ ከርነሉን አድሱ፤ የቅርቦቹ ጠቡን በራሳቸው ለይተው ያበርዳሉ። ካልሆነ «ኢቲሲ» ውስጥ ባለው የ«ሞድፕሮብ ነጥብ ዲ» ፎልደር አንድ ፋይል ፍጠሩ፣ ስሙም በ«ነጥብ ኮንፍ» ይለቅ። በውስጡ «ኦፕሽንስ»፣ ክፍተት፣ የድራይቨሩን ስም፣ ክፍተት፣ ከዚያ «ዲኤምኤ ሪሴት ወርክአራውንድ» የሚሉትን ሦስት ቃላት በሥር ሰረዝ አያይዛችሁ እኩል ይሆናል 2 ብላችሁ ጻፉና ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሡ።

ሣጥኑን ከመዝጋታችሁ በፊት ቁራጭ ወረቀት ላይ የከርነሉን ቁጥር፣ የፈርምዌሩን ፋይል ስም፣ የዳይሴኩን ወደብና «የኃይል መሰኪያ አለው» የሚለውን ጻፉና በሣጥኑ ክዳን ውስጠኛ ጎን ላይ በናስትሮ ለጥፉት።